ኢኳዶርን በኪሎ ሜትር አትለኩት

«ጁላይ ላይ ከባለቤቴ ጋር ከዋሽንግተን ለሁለት ሳምንት ኢኳዶር ልንሄድ ነው። አገሩ ትንሽ ነው፤ ሁሉንም ማዳረስ እንችላለን?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አገሩ እውነትም ትንሽ ነው። የኢትዮጵያን ሩብ ቢያክል ነው። ግን ካርታው ያታልላል፤ እዚያ ዋናው ነገር ከፍታ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያልን ላደግን ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባናል። የአንዲስ ተራሮች አገሩን ከሰሜን እስከ ደቡብ መሀል ለመሀል ያልፉበታል። በምዕራብ በኩል የፓሲፊክ ዳርቻ፣ በምሥራቅ የአማዞን ደን አለ። ጋላፓጎስ ደግሞ ከዳርቻው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ውቅያኖስ ውስጥ ነው።

ዋና ከተማዋ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባን በከፍታ ትበልጣለች። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፣ ምን እንሆናለን» እንዳትሉ። ሰውነት ቆላ ወርዶ ሲከርም የከፍታ ልምዱን ያጣል። ዋሽንግተን ለዓመታት የኖረ ሰው ኪቶ ላይ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አሮጌውን ከተማ በእርጋታ እዩ። ኮቶፓክሲ የሚባለውን ተራራ ለኋላ አቆዩት።

እኔ ከሁሉም የምወደው ፓራሞ የሚሉትን ነው። ከደኑ በላይ፣ ከበረዶው በታች ያለው የሣር ምድር ማለት ነው። ኮቶፓክሲ ፓርክ ውስጥ በእግር ትሄዱበታላችሁ፤ 5,897 ሜትር የሚረዝመው ተራራ ጉሙ ሲገለጥ ፊት ለፊት ይታያል። መሬቱ ከእግር በታች ይለሰልሳል። ጉሙንና ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይመጥና ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቀዋል። ኪቶ ከምትጠጣው ውኃ አብዛኛው የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ምድር ነው። ወደ ኮሎምቢያ ድንበር ኤል አንሄል ድረስ ከዘለቃችሁ ፍራይሌሆን የሚባለውን ተክል ታገኛላችሁ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጅብራ ያየ ሰው የቅርብ ዘመዳሞች ይመስሉታል። አይደሉም። ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በውርጭ መኖር ነው ሁለቱን ያመሳሰላቸው።

ከዚያ ውረዱ። ከኪቶ ወደ ምሥራቅ መንገዱ መጀመሪያ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል፣ ፓፓያክታ ፍል ውኃ ጋ ያሳርፋል፣ ከዚያ አማዞን ደን ጋ ወዳለችው ወደ ቴና ከተማ ቁልቁል ይወርዳል። ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ከወፍራም ጃኬት ወደ ቲሸርት ነው። ጊዜ ካነሳችሁ በምዕራብ በኩል ጉም የሚያለብሰው የሚንዶ ደን አለ፤ ከኪቶ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ስኳር ውኃ ከተሰቀለበት አጠገብ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ሃሚንግበርድ የሚባሉት ትንንሽ ወፎች ጆሮ ሥር እየበረሩ ያልፋሉ፤ የክንፋቸው እምምታ ይሰማል። አገሩ ውስጥ ወደ 130 ዓይነት አሉ።

የባሕር ዳርቻውን ግን እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ጁላይ ላይ ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ከዚያም በላይ ጓያኪልና ኤስሜራልዳስ አካባቢ የወንበዴ ቡድኖች ነገር አስጊ ሆኗል። የሚያስቆጨው በዚያ ወቅት ፖርቶ ሎፔዝ ላይ የሚታየው ዓሣ ነባሪ ነው።

ለጋላፓጎስ ቢያንስ አምስት ቀን ስጡት። እዚያ ፖርቶ አዮራ ከተማ ዓሣ የሚሸጥበት መደብ አለ። ሻጯ ዓሣውን ስትከትፍ የባሕር አንበሳው ከጎኗ ቆሞ ይጠብቃል፣ ፔሊካኖቹ ከኋላ ይጋፋሉ። ማንም አያባርራቸውም። ድንጋዩ ላይ ኢጓናዎች ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ባሕር ገብተው አልጌ የሚበሉ እንሽላሊቶች በዓለም ላይ እነሱ ብቻ ናቸው። የዋጡትን ጨው በአፍንጫቸው እፍ ብለው ይተፉታል። ከእንስሳቱ ሁለት ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፤ እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ አትቅረቡ። ጁላይ ላይ ከደቡብ የሚመጣው የሃምቦልት ጅረት ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ለዋና ወፍራሙን የዋና ልብስ ተከራዩ።

እና ሁሉንም አታዳርሱም። ኪቶና ተራራው፣ አንድ ቁልቁለት፣ ከዚያ ደሴቶቹ፤ ለሁለት ሳምንት ይበቃል። ገንዘቡ ከ2000 ጀምሮ ዶላር ስለሆነ ምንዛሪ አያስቸግራችሁም። የጋላፓጎስ ፓርክ መግቢያ ከ2024 ወዲህ ለአብዛኛው የውጭ አገር ጎልማሳ 200 ዶላር ሆኗል፤ በካሽ ያዙት።