«ከባንክ ነው የምደውለው» ለሚል ስልክ

እህቴ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡት እናትሽ «ከባንክ ነው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ተብለው ሊናገሩ ሲሉ እንደደረስሽ ጽፈሻል። ባንኩ ምን ያደርግልናል፣ እኛስ? ነው ጥያቄሽ።

መጀመሪያ የቁጥሩን ምንነት አስረጃቸው። ሌላ ሰው የእሳቸውን ሞባይል ባንኪንግ በራሱ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር ባንኩ «እርስዎ ነዎት?» ብሎ የሚያረጋግጥበት ኮድ ነው። ኮዱን መንገር «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ እንደ መፈረም ይቆጠራል። ባንኩ የላከውን መልሶ በስልክ አይጠይቅም።

ባንኮች «ሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» እያሉ መልእክት ይልካሉ፣ ግድግዳም ላይ ይለጥፋሉ። ለእኔ ይህ አይበቃም፤ ምክንያቱም አጭበርባሪው «ሚስጥር ቁጥር» አይልም። «የሽልማት ቁጥር»፣ «የደረሰዎት ቁጥር» ነው የሚለው፣ ያውም ድሬ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም። ስለዚህ መልእክቱን ከፍተሽ «ይቺ ናት» ብለሽ አሳያቸው።

ሌላም አለ። «ኔትወርክ እናስተካክል» ብሎ ኮከብ 21 ኮከብ፣ ከዚያ የራሱን ስልክ ቁጥር፣ በመጨረሻ መሰላል ካስደወላቸው ጥሪያቸው ወደ እሱ ይዞራል። ባንኩ ሊያጣራ ቢደውል የሚያነሳው ሌባው ነው። አሁኑኑ በስልካቸው *#21# ደውለሽ እዪ፤ የማታውቂው ቁጥር ከወጣ በ##21# ይሰረዛል።

ቅርንጫፍ ስትሄዱ የዕለት ማስተላለፊያ ጣሪያውን ዝቅ እንዲያደርጉላቸው ጠይቁ። የዕቁቡንና የዕቃ መግዣውን ገንዘብ ደግሞ ከስልክ ጋር ያልተያያዘ የደብተር ሂሳብ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይሻላል። ኮዱ ቢወጣ እንኳ የሚነካው የዕለት ሽያጩ ብቻ ይሆናል።

ደንበኛ «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ቢያሳያቸው በዚያ ዕቃ አይስጡ። ስክሪንሾት በቀላሉ ይሠራል፤ የራሳቸውን ቀሪ ሂሳብ ይዩ።

ኮዱ አንዴ ከተነገረ ግን ጨዋታው የደቂቃ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ገብቶ ወዲያው ይወጣል። ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውላችሁ ሞባይል ባንኪንጉን አሳግዱ። ሌላ ባንክ ከሆነ ቁጥሩን ከደብተሩ ወይም ከካርዱ ጀርባ ውሰዱ፤ ቴሌግራም ላይ «የደንበኞች አገልግሎት» የሚለው ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፍ፣ ቀጥሎ ፖሊስ። መልእክቶቹን አታጥፉ። የዝውውሩ ቁጥር (ንግድ ባንክ ላይ በኤፍቲ የሚጀምረው) ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያሳይ ነው። ባንኩ የሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ የገባን ብር በራሱ ፈቃድ አንስቶ አይመልስም፣ ሕጋዊ ትእዛዝ ይፈልጋል። ያላችሁ ዕድል ብሩ ሳይወጣ ማሳገድ ነው።

«እስከ 100,000 ብር ኢንሹራንስ አለው» የሚባለውን ከዚህ ጋር አታደባልቁት። የኢትዮጵያ ተቀማጭ መድን ፈንድ የሚከፍለው ባንኩ ራሱ ቢወድቅ ነው፤ በስልክ የተወሰደን ብር አይተካም።