ከተውኔት ወደ ኦፔራ፦ የቨርዲ «ኦቴሎ» እና ሌሎችም (ጥያቄና መልስ)

ከመድረክ ተውኔት ስለተወለዱ ኦፔራዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አደራ፣ መጀመሪያ ተውኔቱን አንብቡ!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፀጋዬ ገብረመድኅን ትርጉም የምናውቀው «ኦቴሎ» ቬኒስ ላይ ነው የሚጀምረው። ጣሊያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቨርዲ ያንን ገቢር ለምን ጣለው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የቆረጠው ግጥሙን የጻፈለት ቦይቶ ነው። በዜማ የሚባል ነገር በንግግር ከሚባለው ብዙ ይረዝማል፤ አምስቱንም ገቢር እንዝፈን ቢሉ ሌሊቱም አይበቃቸው። ስለዚህ የ1887ቱ ኦፔራ በቀጥታ ቆጵሮስ ላይ፣ በማዕበል ይጀምራል። ኦርጋኑ ሦስት የተጠጋጉ ወፍራም ድምፆችን አንድ ላይ ይዞ አይለቅም። ልብ ብለህ ባትሰማው እንኳ ሆድህን ይረብሸዋል። ደግሞ ቬኒስ ሙሉ በሙሉ አልጠፋችም። ኦቴሎ ሸንጎ ፊት ስለ ሚስቱ ስለ ዴዝዴሞና የተናገረው፣ እሷ ስላየሁት መከራ ወደደችኝ፣ እኔም ስላዘነችልኝ ወደድኳት ያለው፣ በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ የሁለቱ የፍቅር ዘፈን ሆኗል። እዚያው ሲስማት የሚሰማው ዜማ፣ መጨረሻ ላይ ገድሏት ራሱም ሲሞት ይመለሳል። «ሌላ መሳም» ሊል ነው፤ ቃሉን ሳይጨርሰው ትንፋሹ ይቆማል። በሼክስፒርም ተውኔት ኦቴሎ የሚሞተው እየሳማት ነው። ያንን የመጀመሪያ ምሽት መልሶ በጆሯችን የሚያመጣው ግን ኦርኬስትራው ነው።

ጥያቄ፦ ምርጡ ኦፔራ የቱ ነው?

መልስ፦ በምን በኩል? ጥያቄህን አስተካክለህ ና።

አባል፦ «ኦቴሎ»ን ሌላው ጣሊያናዊ ሮሲኒ በ1816 ቀድሞ ኦፔራ አድርጎት የለ እንዴ? በዜማ እሱ ይበልጣል።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! የሮሲኒው እስከ መጨረሻው ከቬኒስ አይወጣም። ሼክስፒር የታለ?

አባል፦ የዴዝዴሞናን የመጨረሻ ዘፈን ሰምተህ ነው እንዲህ የምትለው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ዘፈኑ ግሩም ነው፤ ተውኔቱ ግን ብዙ ተጎድቷል። ስለ ሮሲኒ ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ «ሪጎሌቶ»ም ከተውኔት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከቪክቶር ሁጎ። በ1832 ፓሪስ ላይ አንድ ምሽት ታይቶ ታገደ። ቨርዲ በ1851 ሲያመጣው ሳንሱር አላስገባ ስላለው በተውኔቱ የነበረው የፈረንሳይ ንጉሥ በኦፔራው የማንቱዋ መስፍን ሆነ። አንብቡት።

ጥያቄ፦ ተውኔቱን ሳላነብ ኦፔራውን ባየው ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ የጻፍኩትን አላየሽውም መሰለኝ። ምን እንደተቆረጠ ካላወቅሽ የቦይቶን ሥራ በምን ታዪዋለሽ? አንብቢ።

ጥያቄ፦ የተውኔቱን ቃል እንዳለ የወሰደስ አለ?

መልስ፦ አለ። ሪቻርድ ስትራውስ የኦስካር ዋይልድን «ሰሎሜ» በጀርመንኛ ትርጉሙ ወስዶ፣ ቆራርጦ ዜማ ሰጠው። አዲስ ግጥም አላስጻፈም። ድሬስደን፣ 1905።