ደመና የሚፈሩ ሄሊኮፕተሮችና የፓርላማው ጠያቂዎች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ እንግሊዝ ግብር ስጽፍ፣ ገንዘባችን ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ መከላከያ ነው ብዬ አለፍኩ። እናንተ ግን አላለፋችሁኝም። ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መከላከያ ሚኒስቴሩና ስለ ፓርላማው ናቸው። እኔ ወታደር አይደለሁም። ለንደን ውስጥ የሰው ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የጦር ሠራዊትም ይሁን የምግብ ቤት፣ ሒሳብ ሒሳብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሌሊት ቢሮ አጸዳለሁ። ከደመወዜ በየወሩ ግብር ይቆረጣል። በቴሌቪዥን አንድ የመከላከያ ባለሥልጣን በፓርላማ አባላት ሲፋጠጥ አየሁ። እነዚህ ጠያቂዎች እነማን ናቸው? ሰውየውን ማባረር ይችላሉ? (አንዲት እናት፣ ከደቡብ ለንደን)

መልስ፦ እህቴ፣ ያዩት ከሁለት ኮሚቴዎች አንዱን ይመስለኛል። አንዱ የመከላከያ ኮሚቴ ነው። የታችኛው ምክር ቤት በ1979 ለየሚኒስቴሩ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሲያቋቁም የተወለደ ነው። 11 አባላት አሉት፤ ከገዢውም ከተቃዋሚም ወገን የተውጣጡ ናቸው። የሚኒስቴሩን ወጪ፣ አስተዳደርና ፖሊሲ ይመረምራሉ። ሌላው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ነው። እሱ ሽማግሌ ነው። ግላድስተን የገንዘብ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ፣ በ1861 ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ በልማድ ከተቃዋሚ ወገን ነው የሚመጣው። የሚሠራውም ከብሔራዊ ኦዲት ቢሮ ጋር ተጣምሮ ነው፤ ኦዲተሮቹ ይቆፍራሉ፣ ኮሚቴው ይጠይቃል።

ማባረር አይችሉም። ገንዘብ ማገድም አይችሉም። በደንቡ ምክር ቤቱ የየሚኒስቴሩን በጀት ሊቀበልም ሊጥልም ይችላል። ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለው ግን በ1919 ነው። ምኑን መሰላችሁ? ጦር መርከብ እንዳይመስላችሁ። ለአንድ ትልቅ ሹም ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት የሚሠራበትን ገንዘብ ነው! ዛሬ የመከላከያው በጀት በዓመት ከ50 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው፤ ድምፅ ሲሰጥበት ማንም አያስቆመውም።

ታዲያ ምን አላቸው? ሰውን ጠርተው፣ ካሜራ ፊት አስቀምጠው መጠየቅ። ብዙ ሰው ሚኒስትሩ ሲጠየቅ ማየት ይወዳል። እኔ የማየው ከጎኑ የተቀመጠውን ነው፤ የሚኒስቴሩን ቋሚ ጸሐፊ። ሚኒስትር ይመጣል ይሄዳል። ቋሚ ጸሐፊው ግን ለወጣው ገንዘብ በግሉ ተጠያቂ ነው። ሚኒስትሩ «ይህን ግዛ» ቢለውና እሱ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ሊፈስ ነው ብሎ ካመነ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጠኝ ማለት አለበት። ያ ወረቀት ደግሞ ለዋናው ኦዲተር ይላካል፤ ኮሚቴውም ይደርሰዋል። እኔ ሚኒስትር ብሆን ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ ያችን ወረቀት ነበር የምፈራው።

ጥያቄ፦ ኮሚቴው የሚጮኸው ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሆንም ወይ? (አንባቢ፣ ከሊድስ)

መልስ፦ ግማሹን እቀበልዎታለሁ። እንዲያውም ለክርክርዎ የሚሆን ማስረጃ ልጨምርልዎ።

በ1995 ሚኒስቴሩ ስምንት ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች አዘዘ። ዋጋቸው ወደ 259 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በ2001 መጡ። ሲመጡ ግን የሚያበሯቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ፕሮግራም አስተማማኝ መሆኑን የሚያረጋግጥ አልተገኘም። ውሉ ሲጻፍ፣ ገዢው ፕሮግራሙን ከፍቶ የመመርመር መብት እንዲኖረው ያሰበ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥርት ባለ ሰማይ ካልሆነ አትብረሩ ተባሉ። ደመና ውስጥ መግባት ክልክል! በእንግሊዝ ሰማይ! እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን ሰምቶ አለመሳቅ አይችልም። ሠራዊቱ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የሄሊኮፕተር ያለህ ሲል፣ አዲሶቹ ሄሊኮፕተሮች መጋዘን ቆመው ነበር። የሒሳብ ኮሚቴው በ2009 ሪፖርቱን ሲያወጣ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እዚህ ላይ ተረትዎ ልክ ነው።

የኤጃክስ ነገር ግን ትንሽ ይለያል። ኤጃክስ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ነው። በ2014 ጄኔራል ዳይናሚክስ ከሚባል የጦር መሣሪያ ኩባንያ ጋር ለ589 ተሽከርካሪዎች ውል ተፈረመ፤ ዋጋው 5.5 ቢሊዮን ፓውንድ ደረሰ። መጀመሪያ በ2017 አገልግሎት ይጀምራል ተብሎ ነበር። ሠራዊቱ ወደ 1,200 የሚጠጉ ነገሮችን እንዲያሟላ ጠየቀ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ መኪና ላይ 1,200 ፍላጎት! ሙከራው ሲጀመር ጩኸቱና ንዝረቱ ውስጥ የተቀመጡትን ወታደሮች መጉዳት ያዘ። ጆሯቸው መመርመር ያለበት ወታደሮች ከ300 በላይ ሆኑ። ሚኒስቴሩ ራሱ በ2021 መጨረሻ ባወጣው ምርመራ የስጋቱ ምልክት ቀድሞ እንደታየና ወደ ላይ ሳይደርስ እንደቀረ አመነ።

ኦዲተሮቹ በመጋቢት 2022 ያወጡትን ሪፖርት ሥራ ላይ ሆኜ በምሳ ሰዓት ነበር ያነበብኩት። አንዱ መስመር ላይ ቆምኩ። እስከ 2021 መጨረሻ የተከፈለው 3.2 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል። የተረከቡት 26 ተሽከርካሪ። በሙያዬ ብዙ የተንሻፈፈ ሒሳብ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። በሰኔ ኮሚቴው ሰዎቹን ከጠየቀ በኋላ ወይ አስተካክሉት ወይ ተዉት የሚል ሪፖርት አወጣ።

ክፍያውን ያስቆመው ኮሚቴው ነው ልል አልችልም። ሚኒስቴሩ ቀደም ብሎ በ2020 መጨረሻ አቁሞት ነበር፤ በ2023 ደግሞ መልሶ ጀመረው። ኮሚቴው ያደረገው ሌላ ነገር ነው። እነዚያን ሁለት ቁጥሮች፣ 3.2 ቢሊዮንና 26ን፣ ማንም ሊክዳቸው በማይችል መዝገብ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ በኋላ የመጣ ሚኒስትር ሁሉ ስለ ኤጃክስ ሲናገር እነሱን ይዞ ነው። ጅቡ ደግሞ ገና አልሄደም ወንድሜ። በኖቬምበር 2025 ኤጃክስ ለአገልግሎት ደረሰ ተባለ። በዚያው ወር ልምምድ ላይ ወደ 30 የሚሆኑ ወታደሮች ታመሙና አጠቃቀሙ እንደገና ቆመ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ስለማይወራ። ሚኒስቴሩ ከ2012 ጀምሮ የአሥር ዓመት የመሣሪያ ግዢ ዕቅዱን ይፋ ያደርግ ነበር። በ2023 መጨረሻ ኦዲተሮቹ ሲያዩት ዕቅዱ 305.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈልጋል፤ ከተያዘለት በጀት በ16.9 ቢሊዮን ይበልጣል። ዕቅዱ መታተም ከጀመረ ወዲህ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ከዚያስ? በየዓመቱ ይወጣ የነበረው ዕቅድ ሳይወጣ ቀረ። ጉድለት ያለበት ሒሳብ አያስደነግጠኝም። ከደብተሩ ጋር የጠፋ ሒሳብ ነው የሚያስደነግጠኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት። የእንግሊዝ ሠራዊት ልግባ ብላ ይዛኛለች። ኮሚቴው ስለ ሴት ወታደሮች የጻፈው አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (አባት፣ ከሼፊልድ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ ጋሼ። የመከላከያ ኮሚቴው በጁላይ 2021 ያወጣው ሪፖርት ነው። ምርመራውን የመራችው ሳራ አተርተን ናት፤ ፓርላማ ከመግባቷ በፊት ራሷ ወታደር ነበረች። በሥራ ላይ ያለ ወታደር እንደ ልቡ ለኮሚቴ ምስክርነት መስጠት አይፈቀድለትም። ያኔ ሚኒስትሩ ቤን ዋላስ ይህን ክልከላ ለሴቶቹ አነሱላቸው። ከ4,000 በላይ ሴቶች ተናገሩ፤ በሥራ ላይ ያሉም የወጡም። ከመቶ 62ቱ ማስፈራራት፣ አድልዎ፣ ትንኮሳ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ከዚያው ጋር ብዙዎቹ ሠራዊቱን ለሌላ ሴት እንደሚመክሩ ተናግረዋል። ሁለቱም እዚያው ሪፖርት ላይ ነው ያለው።

«አስገቧት» ወይም «ከልክሏት» የምል እኔ ማን ነኝ? ሪፖርቱን ግን አብራችሁ አንብቡት። እርስዎ ብቻዎን አንብበው ከነገሯት አባቴ ሊያስፈራራኝ ነው ትላለች።

ጥያቄ፦ ሚኒስቴሩ «ይህ የአገር ምስጢር ነው» ካለስ? ያኔ ኮሚቴው ምን ያደርጋል? (ተማሪ፣ ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ የአንተ ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ኮሚቴዎቹ ምስጢር ያለበትን ነገር በዝግ ይሰማሉ፤ ይህ የተለመደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምስጢሩ መኖሩንም ሳያውቁ ሲቀሩ ነው።

በፌብሩዋሪ 2022 አንድ የመከላከያ ሠራተኛ ፋይል ላከ። በፋይሉ ውስጥ ወደ 19,000 የሚጠጉ አፍጋናውያን ዝርዝር ነበር፤ ከእንግሊዞች ጋር ሠርተናልና ከታሊባን አውጡን ብለው ያመለከቱ ሰዎች ናቸው። ፋይሉ ከማይገባው እጅ ገባ። ሚኒስቴሩ ጉዱን ያወቀው በኦገስት 2023፣ ከዝርዝሩ ከፊሉ ፌስቡክ ላይ ብቅ ሲል ነው። ወዲያው ፍርድ ቤት ሄደ። የተሰጠው እግድ ዜናውን ብቻ ሳይሆን እግዱ መኖሩንም መናገር የሚከለክል ነበር። እግዱ እስከ ጁላይ 15 ቀን 2025 ቆየ። በነዚያ ወራት ሰዎቹን በምስጢር ማምጣት ተጀመረ። ያ መንገድ ብቻውን በጠቅላላው ወደ 850 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚፈጅ ተገመተ። ኦዲተሮቹ በኋላ ሲመረምሩት፣ ግምቱን ለማመን የሚበቃ ማስረጃ አላገኘንም አሉ።

የመከላከያ ኮሚቴው ሊቀመንበር ታን ዴሲ ይህን የሰሙት ሌላው ሕዝብ በሰማበት ሰሞን ነው። የሰዎቹን ሕይወት ለማትረፍ ዝም ማለት ያስፈልግ ነበር የሚለውን ክርክር አልንቅም። አፍጋኒስታን ውስጥ ስሙ እዚያ ዝርዝር ላይ ያለ ወንድም ቢኖረኝ እኔም ዝም በሉ እል ነበር። ግን የሁለቱን ኮሚቴ ሊቀመናብርት በዝግ ክፍል ማሳወቅ ማንን ይገድላል? እስካሁን የሚያሳምን መልስ አልሰማሁም። ጠያቂ የሌለበት ወጪ ሁለት ዓመት ያህል ሲሄድ ቆጣሪው ራሱ ይጠፋዋል። ኦዲተሮቹ ያገኙትም ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል? ክፍያ አለው? (አንባቢ፣ ከሉተን)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ክፍያም የለውም። በዝግ ካልሆነ በቀር ማንም ገብቶ መስማት ይችላል፤ ፓስፖርትዎ የየት አገር ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዌስትሚኒስተር የባቡር ጣቢያ ሲወጡ ፖርትኩሊስ ሀውስ የሚባለውን ሕንፃ ያገኛሉ። ብዙዎቹ ስብሰባዎች እዚያ ወይም በዋናው ፓርላማ ፎቅ ላይ ናቸው። እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ስላለ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ትልቅ ሻንጣ አይያዙ። መቼ ማን እንደሚጠየቅ በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ ይወጣል። መሄድ ካልቻሉ በዚያው በቀጥታ ይተላለፋል።

ሐሳብ ካለዎትም ይጻፉላቸው። ኮሚቴው አንድ ምርመራ ሲጀምር የጽሑፍ ማስረጃ የሚቀበልበትን ቀን ያሳውቃል። ጄኔራል መሆን አያስፈልግም። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ልጆችዎ ያርሙልዎት፤ ከቀኑ ግን አይለፉ።