«ደማቅ» የሚለውን ቃል ተዪው

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፤

የጋዜጠኝነት ትምህርትሽን ጎንደር ላይ ልትጨርሺ አንድ መንፈቅ እንደቀረሽ፣ የኪነ ጥበብና የባህል ጋዜጠኛ መሆን እንደምትፈልጊ፣ ነገር ግን «አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሳካልኝም» ብለሽ እንደምትሰጊ ጽፈሽልኛል። ስለ ጥምቀት ያዘጋጀሽውንም ጽሑፍ አንብቤዋለሁ።

ከእሱ ልጀምር። «ደማቅ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ አለ፤ የሰው ድምፅ ግን አንድም ጊዜ አይሰማም። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን አንባቢሽ ሰምቷል። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ግን ለበዓሉ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ እንደሚሞላ አንቺ የከተማው ልጅ ታውቂያለሽ። ውሃውን የሚለቀው ማን ነው? ገንዳው እስኪሞላ ስንት ቀን ይፈጃል? ከከተራ በፊት እዚያ ቆመሽ የመጀመሪያው ውሃ ሲገባ አይተሻል? ጽሑፍሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በመሰንቆ እየተቀበለ ያዜመዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ሰሙን ብቻ ይዘሽ ከወጣሽ ዋናው ነገር አምልጦሻል። ወርቁ ማንን እንደነካ ጠይቂ። መሰንቆውን ማን እንደሠራለት፣ የፈረስ ጭራውን ከየት እንደሚያገኝ፣ ዜማውን ከአባቱ ይሁን ከአጎቱ እንደተማረ ጠይቂ። እንዲህ ያለው ወሬ የሚገኘው ደጋግሞ ለሚመላለስ ሰው ነው፤ አንቺ በእግርሽ የምትደርሺበትን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባልደረባሽ በሁለት ቀን አያገኘውም።

ስለ እንጀራው ግን አልደብቅሽም። ኪነ ጥበብን ብቻ እንድትዘግቢ የሚቀጥርሽ ተቋም ማግኘት ከባድ ነው። ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ በጠቅላላ ዘጋቢነት ግቢ፤ የፍርድ ቤትና የገበያ ዜና ስም፣ ቀንና ቁጥር ማጣራት ያስለምድሻል። የባህል ገጹን በጎን ያዢ። የኮንሰርት አዘጋጅ ውሎ አበል ሲዘረጋልሽ ከመቀበልሽ በፊት ለአርታኢሽ ንገሪ፤ የምትተቺውን ሰው ገንዘብ ይዘሽ ነፃ ሆነሽ መጻፍ አትችዪም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። አንድ አዝማሪ ምረጪና ሦስት ምሽት ሄደሽ ስሚው፤ በአራተኛው ቀን ሥራ ሳይጀምር አነጋግሪው። ከዚያ 400 ቃል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ «ደማቅ» የሚል እንዳይኖርበት።