ዎከር፣ ፉለር፣ ታከር፦ ጨርቅ ረጋጮቹ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ (ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ዎከር የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም «ተራማጅ» ማለት ነው የሚል ማብራሪያ አንብቤ ነበር። መራመድ እንዴት የቤተሰብ መጠሪያ ይሆናል? የማይራመድ ማን አለ?

መልስ፦ መንገደኛነት የለበትም፤ እግር ግን አለበት። ዎከር የሱፍ ጨርቅ ረጋጭ ነው። ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ሳሳ ያለ፣ ክሩ የሚቆጠር፣ የበጉ ስብና ክሩ የተለሰለሰበት ቅባት ያልለቀቀው ነው። እንዳለ ቢሰፋ ብርድም ዝናብም አይመልስም። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ተዘርግቶ ውሃ ይፈስበታል፤ ተጠራቅሞ የከረመ ሽንት ይጨመርበታል። ሽንቱ ሲቆይ የሚፈጥረው አሞኒያ ስቡን እንደ ሳሙና ይፈታዋል። ቅባት የሚመጥ ልዩ ሸክላ አፈርም ይነሰነስበታል፤ በእንግሊዝ አገር ይህ አፈር በሰሪ አውራጃ ሬድሂል አጠገብ ለዘመናት ሲቆፈር ኖሯል። ከዚያ ሰው በባዶ እግሩ ገብቶ ለሰዓታት ይረግጠዋል።

እያንዳንዱ የሱፍ ፀጉር ላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት ስላለው፣ በእርጥበትና በግፊት አንዱ ከሌላው ይያያዛል። ጨርቁ ይኮማተራል፣ ይወፍራል፣ የሽመናው መስመር ይጠፋል። አረጋገጡ እኩል ካልሆነ አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ይላላና ጨርቁ ይጣመማል። ከልክ ካለፈ ደግሞ ደርቆ ይቀራል፤ መመለሻ የለውም። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በረጅም የእንጨት መወጠሪያ ላይ በመንጠቆ ይወጠራል፤ ስፋቱ የሚስተካከለው እዚያ ላይ ሲደርቅ ነው።

በጥንቱ እንግሊዝኛ የዎከር ሥር የሆነው «ዌአልካን» የሚለው ግስ ማንከባለል፣ ወዲያና ወዲህ ማላጋት ማለት ነበር። «መራመድ» የሚለው ትርጉም ከዚሁ ግስ በኋላ የወጣ ነው። ማብራሪያውን የጻፈው ሰው ሥሩን አግኝቶ ዘመኑን ስቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፉለርና ታከርም ይህንኑ ሙያ ያመለክታሉ ይባላል። ለአንድ ሥራ ሦስት ስም ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ አስፈልጎ አይደለም፤ የየአካባቢው አነጋገር ነው። በሰሜን፣ በተለይ በዮርክሸርና በላንክሸር፣ ሙያተኛው ዎከር ተባለ። በደቡብ ምሥራቅና በምሥራቅ፣ በኬንት፣ በሰሴክስና በኖርፎክ አካባቢ፣ ፉለር ሆነ፤ ይህ ከላቲን «ፉሎ» የመጣ ሲሆን ከ1066 የኖርማኖች ወረራ በኋላ ፈረንሳይኛው አጠናክሮታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ማርቆስ 9፥3 ላይ «አጣቢ» የተባለው ባለሙያ በ1611 የእንግሊዝኛ ትርጉም «ፉለር» ነው። በደቡብ ምዕራብ፣ በዴቨንና በሶመርሴት፣ ታከር ይባላል፤ ሥሩ «ቱኪያን»፣ ማንገላታት ማለት ነው። ጨርቁ የሚደርስበትን ለሚያውቅ ከሦስቱ የተሻለው ገላጭ ይሄ ነው። በኤክሰተር ከተማ በ1471 የተሠራው የሸማኔዎች፣ የጨርቅ ረጋጮችና የጨርቅ ሸላቾች ማኅበር አዳራሽ ዛሬም ታከርስ ሆል ይባላል።

ሰዎች ስለሚረሱት ነገር አንድ ላክል። እግሩን የተካው መዶሻ ቀድሞ ነው የመጣው። በ1185 የቴምፕላር የተባለው የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ይዞታ ሲመዘገብ፣ የውሃ መዘውር የእንጨት መዶሻዎችን እያነሳ የሚጥልበት የጨርቅ መደብደቢያ ወፍጮ በእንግሊዝ አገር ተመዝግቧል። የቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ልጅ መውረስ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ የጸናው ግን በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እናም ስሙን ለልጆቹ ያወረሰው ዎከር ራሱ ጨርቅ በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ባለ ወፍጮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያቶች እንግሊዛውያን ናቸው፤ ዎከር ይባላሉ። እስከ መጀመሪያው ጨርቅ ረጋጭ ድረስ መድረስ ይቻላል?

መልስ፦ «የመጀመሪያው» የሚባል አንድ ሰው የለም። ጨርቅ የሚረገጥበት መንደር ሁሉ የራሱን ዎከር አውጥቷል፤ ስለዚህ ሁለት ዎከሮች ዘመዳሞች ናቸው ብሎ መነሳት ስህተት ነው። ፍለጋውም ከላይ ወደ ታች አይሄድም፤ ከሚያውቁት ሰው ተነሥቶ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሌላ አንድ።

በእንግሊዝና ዌልስ የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሁለቱንም ተጋቢዎች አባቶች ስምና ሥራ ስለሚይዝ አንዱን ትውልድ ከቀጣዩ የሚያስርልዎ እሱ ነው። የ1841ን የሕዝብ ቆጠራ በጥንቃቄ ይዩት፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት ተጠግቷል፤ የ39 ዓመት ሰው 35 ተብሎ ያገኙታል። የትውልድ ደብር የሚገኘው ከ1851 ጀምሮ ነው።

ከ1837 በፊት ያለው የደብር መዝገብ ነው፤ በ1538 እንዲጀመር ቢታዘዝም ብዙው የመጀመሪያ ዘመን ጥራዝ ጠፍቷል፤ ከ1640ዎቹ እስከ 1660 ያለውም በብዙ ቦታ ክፍተት አለው። እስከ 1751 አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ነበርና «የካቲት 1720» የሚል ጥምቀት በዛሬው ቁጥር 1721 ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ልጁን ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ያስወልደዋል።

ትልቁ ወጥመድ የስሙ ብዛት ነው። በአንድ ደብር ሁለት ጆን ዎከር ሲያገኙ፣ ዕድሜው የገጠመልዎትን ከመምረጥዎ በፊት የቀብር መዝገቡን ይመልከቱ፤ የመረጡት ሕፃን በሁለት ዓመቱ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ከደብር መዝገቦቹ በፊት ካሉት ሰነዶች ጥሩው የ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር ዝርዝር ነው። በዮርክሸር ምዕራባዊ ክፍል ከአንዳንዱ ስም ጎን ሙያው ስለተጻፈ፣ ስምና ሥራ አብረው ይሁኑ ተለያይተው ማየት ይቻላል። በላቲን የተጻፈ ሰነድ ላይ ግን «ፉሎ» ካዩ አይቸኩሉ፤ ጸሐፊው ተርጉሞት እንጂ ሰውዬው በሰፈሩ ዎከር ወይም ታከር ሊባል ይችላል።

ቅድመ አያቶቹ ከስኮትላንድ ተራራማ ክፍል የመጡ ከሆነ፣ የጨርቅ ረጋጭ ልጅ የሚል ትርጉም ያለው የጌሊክ ስም ወደ ዎከር የተለወጠባቸው አሉ። የአየርላንድ ታከሮች አንዳንዶቹ ደግሞ ከጨርቅ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ስሙ «ኦ ቱአካር» ከሚለው የአገሩ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው።

ጥያቄ፦ «የዎከር ቤተሰብ አርማ» ታትሞ ሲሸጥ አየሁ። ልግዛው?

መልስ፦ ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ ይግዙት። በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ ከእሱ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። ስም ስለተጋሩ ብቻ አርማው የእርስዎ አይሆንም። የትውልድ ሐረግዎ ከባለ አርማው እንደሚወርድ በሰነድ ካረጋገጡ፣ የሚጠየቀው በለንደን የሚገኘው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ነው።