«41 አድርጉት» ሲል ምኑን ነው?

አንድ አንባቢ ለጫማ ሱቁ የቴሌግራም ቦት ሠርቷል። ደንበኛ «ጥቁሩ 42 ቁጥር አለ?» ይላል፤ ቦቱ «አለ» ብሎ ትዕዛዙን ይይዛል። ደንበኛው «ቦሌ ታደርሳላችሁ?» ይላል። «አዎ።» ቀጥሎ «እሺ፣ 41 አድርጉት» ሲል ቦቱ የጫማውን ቁጥር ትቶ አድራሻውን «41» ብሎ ቁጭ! ኮዱ የሚያስታውሰው መጨረሻ የተጠራውን ነገር ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ሰው «እሱን» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው ገና ያላለቀውን ጉዳይ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዋ ባርባራ ግሮዝ በ1977 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው የዶክትሬት ሥራ ኮምፕረሰር (አየር የሚጭን ማሽን) የሚገጣጥም ተለማማጅና የሚመራው ባለሙያ ያወሩትን መርምራለች። ወሬያቸው የሥራውን ቅርጽ ይከተል ነበር። አንዱ ክፍል ተገጥሞ ሲያልቅ የሱ ብሎን ይረሳል፤ ቀድሞ የተነሳው ማሽን በ«እሱ» ብቻ ይመለሳል።

አንተም ጉዳዮቹን ደራርበህ ያዝ። የማድረሻው ጥያቄ ሲነሳ ከትዕዛዙ ላይ ይቀመጥ፤ መልስ ሲያገኝ ይነሳ። ጫማው ከሥር እየጠበቀ ነው። ከዚያ ይስማማ እንደሆነ አረጋግጥ፦ 41 የጫማ ቁጥር ይሆናል፤ አድራሻ ግን አይሆንም።

አማርኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «እሱን» የሚለውን ቃል ብቻ የምትፈልግ ከሆነ አብዛኛው ያመልጥሃል፤ የኛ ተውላጠ ስም ግስ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፦ አድርጉት፣ መልሷት፣ ላኳቸው። ጭራሽ የማይኖርበትም አለ። «ላኩልኝ» ያለ ሰው ምን እንደሚላክለት አልተናገረም፤ ቦታው ባዶ መሆኑን አውቀህ ሙላው። «ቀይረው» ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ብቻውን ከመጣ «አንተ ቀይር» የሚል ትዕዛዝ ነው፣ ‑ው ዕቃውን ያመለክታል። «ቀይረው ይላኩልኝ» ከሆነ ግን ያው ‑ው የአክብሮት ነው፣ ዕቃ አያመለክትም። ስለዚህ ቀጥሎ ግስ መኖሩን ሳታይ ቅጥያውን አትቁረጥ።

ፆታንም ለዕቃ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ሕግ አትውሰደው። ጫማውን «ቆንጆ ናት» የሚል ደንበኛ ሞልቷል።

ሁለት ጫማ እኩል ሲስማሙ ግን አትገምት። «ጥቁሩን ነው ቡናማውን?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጭም ቢሆን ይጠይቃል።