የሰብል ካርታው መንዝ ላይ ለምን ተሳሳተ?

ጥያቄ፦ አንድ የደብረ ብርሃን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስሎችና በራንደም ፎረስት (ብዙ የውሳኔ ዛፎችን በሚያጣምር የኮምፒውተር መለያ ዘዴ) የስንዴ፣ የገብስ፣ የባቄላና የባሕር ዛፍ ካርታ ሠርተው 96 በመቶ ትክክለኛነት አግኝተዋል። ሞዴሉ መንዝ ሲደርስ ግን ገብሱን ከስንዴ ስላምታታባቸው ወደ ዲፕ ለርኒንግ (ብዙ ንብርብር ባለው ሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ ወደሚሠራው ዘዴ) መዞር ይሻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ዘዴውን ለመቀየር አይቸኩሉ፤ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት 96 በመቶው ራሱ ነው። እንደ ጻፉልን የሁሉንም ማሳ ፒክሰሎች (ምስሉ የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች) ቀላቅለው 70 በመቶውን ለሥልጠና፣ 30 በመቶውን ለፈተና በዕጣ ከከፈሉ፣ የአንዱ ማሳ ከፊሉ ሞዴሉን ያሠለጥነዋል፣ ቀሪው ደግሞ ይፈትነዋል። ጎን ለጎን ያሉ ፒክሰሎች በአንድ ሰሞን ተዘርቶ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ የበቀለ ሰብል ስለሚያሳዩ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሞዴሉም መልሱን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ አንድ ቀበሌ ሙሉ በሙሉ ከሥልጠናው አውጥተው በእሱ ብቻ ይፈትኑት፤ ይህንንም ቀበሌዎቹን እያፈራረቁ ይድገሙት። ውጤቱ መውረዱ አይቀርም፤ አማካሪዎ ቅር ቢላቸውም በመመረቂያ ጽሑፍዎ መቅረብ ያለበት ይኸው የወረደው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ የምስሎቹን ዓመት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የሴንቲኔል-2 ምስሎች የማቀነባበሪያ ሥሪት 04.00 በየፒክሰሉ ዋጋ ላይ 1000 ይደመራል። ይህ ካልተቀነሰ፣ የቀይ ብርሃን ዋጋው 500፣ የቅርብ ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ ብርሃን) ዋጋው 3500 የሆነ ለምለም ማሳ ኤንዲቪአዩ (የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ተካፍሎ የሚገኘው የልምላሜ መለኪያ) 0.75 መሆን ሲገባው፣ 1500 እና 4500 ሆኖ ስለሚነበብ 0.50 ይወጣል። የ2021 እና የ2023 ምስሎችን ሳያስተካክሉ ቀላቅለው ከሆነ ሞዴልዎ የተማረው የሰብል ልዩነትን ብቻ ሳይሆን የፋይል ልዩነትንም ነው። በጉግል ኧርዝ ኢንጂን (በኢንተርኔት የሳተላይት ምስል መተንተኛ) የሚሠሩ ከሆነ ይህ ልዩነት የተስተካከለበትን «ሃርሞናይዝድ» የተባለውን ስብስብ ይምረጡ።

መንዝን በተመለከተ፣ በበልግ ገብስ የሚዘራበት አካባቢ መሆኑን አይዘንጉ፤ የመኸር ወራት ምስሎችን ብቻ ያየ ሞዴል የበልግ ገብስን የዕድገት ጊዜ አያውቀውም። ከየካቲት እስከ ሰኔ ያሉ ምስሎችን ይጨምሩ፤ በክረምቱ ደመና ምክንያት የሚጎድለውን ደመናን አልፎ በሚያይ የሴንቲኔል-1 ሳተላይት ራዳር መሙላት ይቻላል፤ በገደላማ ሥፍራ ግን ራዳሩም ስለሚዛባ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት።

የማሳ ስፋትም የራሱ ጣጣ አለው። ሩብ ሔክታር ያህል የሆነ አንድ ጥማድ የፒክሰላቸው ጎን 10 ሜትር በሆነ ባንዶች (የብርሃን ክልሎች) 25 ፒክሰል ያህል ሲይዝ፣ በ20 ሜትሮቹ ስድስት ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ጠባብ እርከን ላይ ያለ ማሳ ደግሞ አንድም ንጹሕ የ20 ሜትር ፒክሰል ላይኖረው ይችላል። ናሙናዎን ከማሳው መካከል ይውሰዱ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን ዳርቻ ይተዉት።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ስሕተቱ ከቀጠለ እንኳ፣ በእጅዎ ያለው ጥቂት መቶ ማሳ ከሆነ፣ ዲፕ ለርኒንግ ላይ ከሚያጠፉት ጊዜ ይልቅ መንዝ ወርደው የሚሰበስቡት ተጨማሪ ናሙና የበለጠ ይጠቅምዎታል።